ባለ አራት ኢንቹ ቱቦ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ያስቸግርሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ ቢያማትም ምላሷ ጤነኛ ነው። ስልክ ብደውል ድምፅህን ስሰማ ወኔ እንደሚከዳኝ ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ።

አሁን የምሠራው ገና በመገንባት ላይ ባለ የእናቶች ማዋለጃ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ዕለት ዋናው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ ምሰሶ ገጠመው። ባለ አራት ኢንች የፒቪሲ ፕላስቲክ ነው፤ ከክንዴ ይወፍራል። የተገዙት መታጠፊያዎች ሁሉ ባለ ዘጠና ዲግሪ ሆኑና ለዘብ ላለው እጥፋት አልሆን አሉ። መሐንዲሱ "እንግዲህ ግድግዳው ይፈርሳል" አለ። ሳምንት ሙሉ የለፉበት ግንበኞች ክው ሲሉ ሳይ "እኔ አጥፈዋለሁ" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ።

አንተ እንዳሳየኸኝ ደረቅ አሸዋ ሞላሁበት፤ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ደፈንኩ፤ ትኩስ አየር በሚነፋው ማሽን እያገላበጥኩ አሞቅኩት። "አትቸኩዪ፣ ቱቦው ራሱ ይነግርሻል" ትለኝ አልነበር? እንደ ጎማ ሲለሰልስ ወለሉ ላይ በጠመኔ በሳልኩት ቅስት ላይ አስተኛሁት፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌበት ጠበቅሁ። ሳይጨማደድ፣ ሳይጠብ፣ ምሰሶውን ዞሮ ልክክ አለ። አናጢው "ይቺ ልጅ ነገ ምሰሶውንም ታጥፈዋለች!" ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አለቃዬ ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቀኝ "ወንድሜ" አልኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የደስታ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

ወንድምዓለም፣ ክንዴ በተቃጠለበት በዚያን ቀን ውታፉ ላልቶ አልነበረም።

ቱቦውን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ጨርሼ ላስደንቅህ ብዬ የታችኛውን ውታፍ ራሴ ነቀልኩት። ትኩሱ አሸዋ ክንዴ ላይ የተዘረገፈው በገዛ እጄ ነው። አንተ ሐኪም ቤት አልጋዬ አጠገብ ቆመህ "ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ" እያልክ ስታለቅስ አየሁህ። እማዬም "ልጄን አቃጠላት" ብላ ፊቷን አዞረችብህ። አፈርኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አንተ መሣሪያህን ጥለህ ሄድክ። ስድስት ዓመት ሙሉ ነገ እንዳልኩ ቀረሁ። ያ ሁሉ ሙያ ያለው እጅህ የመጋዘን በር ሲከፍትና ሲዘጋ እንደሚውልም ሰማሁ።

ይቅርታህን ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም። ተቆጣኝ፤ የፈለግኸውን ጽፈህ ስደበኝ። ግን ፎቁ ላይ ገና ሦስት እጥፋት ይቀራል፤ አንዱ ባለ ስድስት ኢንች ስለሆነ ብቻዬን አልደፍረውም። አለቃዬ "ወንድምሽ ይመጣልን ይሆን?" ሲለኝ፣ ሳላማክርህ "ይመጣል" ብዬዋለሁ።

እስከዚህ ያለውን ለእማዬ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ተነስታ ወጣች። ብከተላት፣ የክፍልህን መስኮት ከፍታ ፍራሽህን ብቻዋን ወደ ፀሐይ ስትጎትት አገኘኋት። ላግዛት ብል "ተይኝ፣ እኔው ላድርገው" አለችኝ።

ፈጣሪ እጅህን ይባርክልህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ።

እህትህ