ዶቅዶቄው በተሳቢ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደሴ

ኅዳር 5፤ ረቡዕ፤ ጠዋት

የዛሬዋንም አልዋጥኳትም። እንደ ወትሮው የጣልያኑ ጋራዥ ሠራተኞች ከሕክምናው ድንኳን ፊት ተሰልፈን፤ አስታማሚው በየአፋችን የወባ ኪኒን ይጥላል፣ ውሃ ያስጎነጫል፣ አፍ ያስከፍታል። ከፈትኩለት። ከምላሴ ሥር ነበረች። ከጋራዡ ጀርባ ዞሬ ተፋኋት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኋት፣ ከትንባሆ ቆርቆሮዬ ጨመርኳት። ሠላሳ አራት ሆኑ። ምሬቱ እስከ ምሳ ከአፌ አይለቅም፤ ሽሮው ራሱ ኮሶ ኮሶ ይለኛል።

ስማኝ ደብተሬ፤ ላንተም ካልነገርኩ ላብድ ነው። ግን አንተንም ከልቤ አላምንህም። ወረቀት ነህ፤ ፊደል ለቆጠረ ሁሉ ታወራለህ። ስለዚህ የወንድሜን ስም አልጽፍም፤ «ወ.» ይበቃል። ወ. ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ከገባ ሁለት ዓመቱ። አሁን ወባ ጥሎታል፤ ሰንበቴ አጠገብ ከአንድ ሰው ቤት ተደብቆ ተኝቷል። ይህን የነገሩኝ ጠላ ሻጯ እትዬ ዘነበች ናቸው። የማን ቤት እንደሆነ አያውቁም፤ ወይም ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ኪኒን ካላገኘ አይተርፍም አሉ። ኪኒን ደግሞ ያለው ጣልያን ዘንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእጃቸው በቀጥታ ወደ ሠራተኛው አፍ ነው የሚገባው።

ኅዳር 7፤ ዓርብ

መንገድ ተገኘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። መንገድ እንዲህ በቀላሉ ሲገኝ «ማን ጠረገው?» ማለት ልማዴ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። በሚመጣው ሳምንት እሑድ ደሴ ላይ የሞተር ብስክሌት ጋላቢዎች ይሰበሰባሉ፤ ከአሥመራም ከአዲስ አበባም ይመጣሉ አሉ። ጣልያኑ አለቃችን ሻምበል (ከእንግዲህ «ሻ.») ቀዩን ዶቅዶቄውን ይዞ ይሄዳል። ይዞ ማለት ነድቶ አይደለም። አቧራ እንዳይነካው፣ ጠጠር እንዳይቧጭረው፣ ደግሞም በየቁጥቋጦው ውስጥ ማን እንዳለ ስለማይታወቅ፣ ዶቅዶቄው ሸራ ለብሶ፣ ተሳቢ ላይ ተጭኖ፣ ከካሚዮን ኋላ ይጎተታል። እሱ ራሱ በትንሿ መኪናው ቀድሞ ይሄዳል። ለጉግስ የሚሄድ ፈረስ በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አየሁ።

መካኒኩ እኔ ስለሆንኩ አብሬ እሄዳለሁ። ከእኔ በቀር ዶቅዶቄውን ማንም እንዳይነካ ታዟል። ሾፌሩ ሰይድ ነው («ሰ.»)። የይፋት ሰው፤ እዚሁ ቆላ የተወለደ፤ ዕድሜው እንደ እኔ። ዝምተኛ። ጣልያንኛው ግን ከእኔ ይሻላል። ከየት ተማረው? ሻ. ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አይቻለሁ። ሻ. የሐበሻ ትከሻ አይመታም።

ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። እሑድ ካሚዮናችሁ ሰንበቴ ገበያ ሲቆም አንድ ሰው ይቀርብሃል ብለው መለሱልኝ። ማን? ምን የለበሰ? እሱ ያውቅሃል፤ ሌላ መልስ የለም። እኔ የማላውቀው ሰው እኔን ማወቁ ደስ አይለኝም።

ኅዳር 8፤ ቅዳሜ

ጫንን። ቆርቆሮዋን ከዶቅዶቄው የፊት መብራት ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ኋላ ሸጎጥኳት። ሠላሳ ሰባት ኪኒን። ቡሎኑን አጠበቅሁ። ሸራውን አሰርኩ፤ ቋጠሮውን ሌላ ሰው ቢፈታው የሚያስታውቅ አደረግሁት። ዞር ስል ሰ. ከኋላዬ ቆሟል። ስንት ጊዜ ቆየ? የተሳቢውን ጎማ ለማየት ነው የመጣሁት አለ። ጎማው ጠዋት ታይቷል።

ከዚያ ደግሞ በዚህ ቆላ ዘመድ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እግረ መንገዱን፣ ጎማውን በእግሩ እየነካ። የለኝም፤ አገሬ መንዝ ነው አልኩት። እሺ አለ። የሚከራከር ሰው ይሻለኛል፤ «እሺ» ብሎ ዝም የሚል ያስፈራኛል።

ኅዳር 9፤ እሑድ፤ ከሰዓት። ከሰንበቴ አልፈን

ካሚዮኑ ቆሟል፤ ሰ. ይሰግዳል። ቶሎ ልጻፍ።

ጀውሃ ኬላ ላይ አስካሪዎቹ፣ ለጣልያን ያደሩት ወታደሮች፣ ሸራውን ፍቱ አሉ። ሰ. ወረደ። ሲጋራ አቀበለ፤ አለቃቸውን ጥግ ይዞ አወራው፤ ሳቁ። በጣቱ ተሳቢውን አሳየው። ሁለት ጊዜ አሳየው። ሳንፈተሽ አለፍን። ሰው ሁሉ ጫማው ሳይቀር በሚፈተሽበት ኬላ እኛ ሳንፈተሽ!

ትንሽ እንደሄድን ተዳፋት ላይ አቆመ። ሸራው ላልቷል አለ። ፍሬኑ ስለማይዝ እግሬን ከፍሬኑ ላይ እንዳላነሳ አዘዘኝና ወረደ። ብዙ ቆየ። እኔ እንደ ታሰረ ሰው ፍሬን ረግጬ ቁጭ። በኋላ ሰንበቴ ስንደርስ አየሁት፤ ቋጠሮው የእኔ አይደለም። ሸራውን ገልጬ እንዳላይ ደግሞ ገበያው በሙሉ ከቦኛል።

የሰንበቴ ገበያ እንደምታውቀው፣ ግመሉ፣ አሞሌው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው። ሁሉም ዶቅዶቄ ለማየት ይጋፋል። ከመካከል አንድ ሽማግሌ መጣ፤ ነጭ የጠመጠመ፣ የሙስበሃ መቁጠሪያ የያዘ። ወደ እኔ አልመጣም። መጀመሪያ ወደ ሰ. ሄደ። እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ አንዱ ሲስም ሌላው ሲስም አላልቅ አላቸው። ተንሾካሾኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«የአሊን መድኃኒት ይዘሃል አሉኝ። ልጁ ደክሟል።»

አሊ ማን ነው? ወንድሜ ማተቡን ያልበጠሰ ክርስቲያን ነው። ደግሞስ ከሰ. ጋር ተሳስሞ፣ ተማክሮ የመጣ ሰው! ወጥመድ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ እኔ ዛሬ፣ ወ. ነገ እንሰቀላለን።

«አሊ የሚባል አላውቅም አባቴ፤ ተሳስተዋል» አልኩ።

ትንሽ አየኝ። አላህ ያውቃል ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የካሚዮኑን ሞተር ካንዴላ ልፈትሽ ብዬ ጊዜ ገደልኩ። ማንም አልመጣም። አሁን ኪኒኑ ከእኔ ጋር ወደ ደሴ ይጓዛል፤ ወ. ከኋላዬ ቀርቷል። ልክ አድርጌያለሁ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? ሰ. ሰግዶ መጣ።

ኅዳር 10፤ ሰኞ። ከሚሴ

ከተሳቢው ሥር ካለው ባሌስትራ አንዱ የብረት ቅጠል ተሰበረ። ቀኑን ሙሉ ከሥሩ ተኝቼ ስጠግን ዋልኩ። ሰ. ብረት ያቀብለኛል፤ ዓይኔን አያይም። በፊትም ብዙ አያወራም ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ግን ጭራሽ ተዘግቷል። ለማን ምን እንደሚል እያሰበ ነው። ምሳችንን እሱ አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ። ሸራውን ልከፍት ሳስብ ቀና ይላል፤ ተውኩት።

ብርድ ብርድ ይለኛል። ኪኒን ከዋጥኩ ወር አልፎኛል። ፍርሃትም ሊሆን ይችላል።

ኅዳር 11፤ ማክሰኞ፤ ከሰዓት። ደሴ

ገባን። ግቢው ሁሉ ዶቅዶቄ፤ ጣልያኖቹ ሌጦ ለብሰው እየተዟዟሩ አንዱ የሌላውን ያደንቃል። አብዛኞቹ እንደኛው ተጭነው የመጡ ናቸው፤ ለዚህ ሁሉ ጋላቢ መንገዱን የጋለበው ካሚዮን ነው።

ብቻዬን እንደቀረሁ መብራቱን ፈታሁ። ቆርቆሮዋ አለች። ግን ጨርቅ ተጠቅልሎባታል። እኔ ጨርቅ አላደረግሁም። የሽርጥ ቁራጭ ነው፤ ሰማያዊ መስመር ያለው። የሰ. ሽርጥ ሰማያዊ መስመር አለው።

ኪኒኑን ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት። አንድም አልጎደለም። አይቶ ያልወሰደ ሌባ፣ አግኝቶ ያልያዘ ሰላይ፤ ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው? ለሻ. ሊነግር ደሴ እስክንገባ ጠብቆ ይሆን? ልጥፋ? የት? ማንን ይዤ?

ኅዳር 12፤ ረቡዕ፤ ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተማው በየደጁ ጥራጊ ያቃጥላል፤ ጢሱ ዓይን ያጠፋል። ከዚህ ወዲያ መጠበቅ አቃተኝ። በጢሱ መሀል ሰ.ን ጠርቼ ጨርቁን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

አልደነገጠም። ከጀውሃ በፊት ጀምሮ፣ ካሚዮኑ ቀስ ባለ ቁጥር፣ ከተሳቢው ላይ ቆርቆሮ ሲንቀጫቀጭ ይሰማው ነበር፤ ኬላ ላይ አስካሪዎቹም ሳይሰሙ አይቀሩም ብሎ ፈራ። ለአለቃቸው የነገረውም ይህን ነው፦ የሻምበሉን ዶቅዶቄ የቧጨረ እጁን ያጣል። ከኬላው ወዲያ መብራቱን ከፍቶ፣ ኪኒኑን አይቶ፣ እንዳይንቀጫቀጭ ጠቀለለው። ዘጋው። ለማንም አልተነፈሰም።

ቀጥሎ የነገረኝን መጻፍ ይከብደኛል። ሽማግሌው የእናቱ ወንድም ናቸው፤ ሼህ ኑሩ። ከወር ወዲህ ቤታቸው በሽተኛ አለ። ማተብ ያለው፣ የመንዝ ሰው። ጎረቤት እንዳይጠይቅ የእህቴ ልጅ ነው፣ አሊ ይባላል ብለው አስቀምጠውታል።

«መድኃኒቱን አንተ እንደያዝክ አጎቴ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ» አለ ሰ.። «አንተ ግን አላውቅም አልክ። ዘመድም የለኝም ብለኸኝ ነበር። ደሴ ወስዶ ሊሸጠው ነው አልኩ። ኋላ ደግሞ አጎቴን ሊያሲዝ ነው አልኩ። ፈራሁህ።»

ፈራኝ። እኔን! ከሰንበቴ እስከ ደሴ አንድ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን፣ እኔ አንገቴን ከሱ፣ እሱ አንገቱን ከእኔ ስንጠብቅ መጣን።

ወንድሜ ነው አልኩት። ለሰው አፌን ከፍቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

እዚያው እያለን ሻ. እየጮኸ መጣ። የሌጦ ልብሱንና ቡትስ ጫማውን ሸዋ ሮቢት ረስቷል፤ በተራ ካፖርት ሰው ፊት አይቀርብም። ሰ. ተሳቢውን ፈትቶ አሁኑኑ ተመልሶ ያምጣ አለ። ይህን ዕድል እንኳ ጠረጠርኩት፤ ሁለቱ ተመካክረው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቆርቆሮዋን ስሰጠው ጣቶቼ አልላቀቅ አሉ። አልነጠቀኝም፤ ጠበቀኝ። ማታ ሰንበቴ ይደርሳል።

ኅዳር 14፤ ዓርብ

ጠበቅሁ። ዶቅዶቄ ወለወልኩ። ሁለት ካራቢኔሪዎች፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ በግቢው በር ሲገቡ እጄ ላይ የነበረው ካቻቢቴ ወደቀ። የመጡት ፎቶ ሊነሱ ነው። ሰ.ን አምኛለሁ፤ ግን ልቤን ማን አስለመደው፣ ሰው በገባ ቁጥር ይሮጣል። ትኩሳት አለኝ። ወ. እስካሁን ሁለት ቀን ውጧል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይሰበራል ይላሉ።

ኅዳር 15፤ ቅዳሜ

ጾም ገባ። ሰ. መጣ፤ የሻ.ን ሻንጣ ይዞ። ከካሚዮኑ ወርዶ ወደ እኔ አልመጣም። ጎማ ማስደገፊያ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ። መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ያን ጊዜ አወቅሁ።

ወ. ማክሰኞ ጠዋት ነው የሞተው። እኔ መብራቱን ፈትቼ ኪኒን ስቆጥር እሱን ያጥቡት ነበር። እሑድ በሕይወት ነበር። ሰኞም ነበር። እሑድ ሼህ ኑሩ አጠገቤ ደርሰው ልጁ ደክሟል ሲሉኝ፣ አላውቀውም አልኳቸው። ሰው አይግደለኝ ብዬ ወንድሜን ገደልኩ። ይህን አንተ ላይ እንደተጻፈ ተወው፤ አልሰርዘውም።

አሊ ተብሎ፣ በእስላም መቃብር፣ እንደ እህታቸው ልጅ ተቀበረ። ሼህ ኑሩ ከገዛ ልጃቸው በቀር ማንንም ሳያስገቡ ራሳቸው አጠቡት። ማተቡን አልበጠሱም፤ እንዳለ በከፈኑ ሸፈኑት። ኪኒኑን ለማን ልስጥ ብለው ሰ.ን ጠየቁት፤ ምራታቸውና አንድ ጎረቤት በወባ ተኝተዋል። «ባለቤቱ ፈቅዷል አልኳቸው፣ አጠፋሁ ወይ?» አለኝ ሰ.። አላጠፋህም አልኩት። ከካሚዮኑ ጥላ ሥር አብሮኝ ተቀመጠ።

ኅዳር 16፤ እሑድ፤ ጠዋት

ዛሬ ነው ስብሰባቸው። ሻ. ሌጦውን ለብሶ ሦስት ጊዜ መስተዋት አይቷል። ዶቅዶቄውን አሙቄ ሰጥቼዋለሁ፤ መብራቱም ይሠራል።

ከነጋ አንድ ነገር ብቻ ነው የማወጣ የማወርደው። እናቴ ትጠይቀኛለች፤ የት ደብር ነው ያረፈው? ፍትሐት ማን አደረሰለት? ቄስ ይዤ ወርጄ አጽሙን ላውጣ ብል መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ መንደሩ ካወቀ ኬላው ያውቃል፤ ሼህ ኑሩ ይሰቀላሉ። ፍትሐቱን እዚሁ ደሴ፣ በክርስትና ስሙ፣ በዝግታ አስደርጋለሁ። ለእናቴ እውነቱን እነግራታለሁ፤ ለብቻዋ። መቃብሩን አልነካም።

ነገ ዶቅዶቄውን መልሰን ጭነን እንወርዳለን፤ ሰ. ሰንበቴ ላይ ያቆምልኛል። ሰባተኛው ቀን ስለሆነ ቤቱ ለቀስተኛ አያጣም። ሰው እያየ፣ የሾፌሩ ባልደረባ ሆኜ እገባለሁ። ከሩቅ የመጣ ሰው ብዙ አያለቅስም፤ እኔም አላለቅስም። ሼህ ኑሩ የእህታቸውን ልጅ ሐዘን ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን ስሜ «እግዜር ያጥናዎት» የምለው እኔ ነኝ።