ሉሲየንን ሁለት ጊዜ ወደ ሥራ የመለሱት ሲስተር ዤርሜን ሚሾ

ሲስተር ዤርሜን ሚሾ ከአባታቸው ከአቶ ኦኔዚም ቴሪዮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤግዚልዳ ሲር እ.ኤ.አ. በ1941 በሜን ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ በሴንት ጆን ወንዝ ዳር ባለው የድንች እርሻቸው ተወለዱ። ትምህርት ቤቱ በየመኸሩ ለድንች ለቀማ ሲዘጋ ከወንድሞቻቸው ጋር እየለቀሙ አድገው፣ ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ ወደ ሉዊስተን ሄደው በነርስነት ተመረቁ። በ1965 ከመጋዝ ሞራጁ ከአቶ ሬያል ሚሾ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ኤሌንንና ዢልን ወልደዋል።

ከ1972 ጀምሮ ባለቤታቸው በሚሠሩበት የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ በነርስነት አገለገሉ። ቁስል ሲያጥቡ እጃቸው ለስላሳ ነበር፤ ምላሳቸው ግን ምሕረት አያውቅም። ጓንት ሳያጠልቅ ቆስሎ የመጣ ሠራተኛ ከቁስሉ ይልቅ ቁጣቸውን ይፈራ ነበር።

በፋብሪካው በር ላይ ያለ አደጋ ያለፉት ቀናት የሚጻፉበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዓመት ከሞላ ለሠራተኛው ሁሉ ወፍራም የብርድ ጃኬት ይታደላል። የተጎዳ ሰው ቤቱ ከዋለ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል፤ ፋብሪካው መጥቶ ከተቀመጠ ግን እንደ አደጋ አይቆጠርም። በ1983 ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግንድ የሚጎትተው ሰንሰለት የአቶ ሉሲየን ዴሼንን ቀኝ ትከሻ ጎዳ። ሐኪሙ ቤታቸው እንዲያርፉ አዘዘ። ሲስተር ዤርሜን ግን በየማለዳው በራሳቸው መኪና እያመጡ፣ ምሳ ክፍል አስቀምጠው የተቀላቀለ ጓንት ጥንድ ጥንዱን ያስለዩአቸው ጀመር። "ቤት መዋል ያስተክዘዋል" ይሉ ነበር። ልባቸው ግን ሰሌዳው ላይ ነበር።

ጓደኞቻቸው "ሉሲየን፣ ጃኬታችንን ታቅፈሃል፤ እስኪፈለፈል እንዳትነሳ!" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አቶ ሉሲየንም አብረው ይስቃሉ፤ ሌላው ላቡን ሲያፈስ ተጎልቶ መዋሉ ግን ከነከናቸው። አንድ ጠዋት ሰው ሲጎድል ተነስተው ሳንቃ ሲጎትቱ የትከሻቸው ጅማት ተበጠሰ። ያ ክንድ ዳግመኛ ከደረት በላይ አልተነሳም። ሲስተር ዤርሜን በማግስቱም ይዘዋቸው መጡ። ጃኬቱ ታደለ።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር ዤርሜን ሰላም አላገኙም። ለአቶ ሉሲየን ክንድ እንዲመች ባለቤታቸውን ለምነው የመጋዝ መሞረጃውን ጠረጴዛ እስከ ወገብ ዝቅ አስደረጉ። በዚህኛው ጊዜ ግን፣ አለቃው እየጮኸባቸው፣ ሐኪሙ እሺ እስኪል ድረስ አቶ ሉሲየንን በበሩ አላስገቡም። አቶ ሉሲየን ሙያውን ከአቶ ሬያል ተምረው እስከ ጡረታቸው በሞራጅነት ሠሩ። ሰው "ከወደቀበት አነሳችው" እያለ ሲያመሰግናቸው ሲስተር ዤርሜን ፊታቸው ይጠቁር ነበር። አቶ ሉሲየን በየቅዳሜው እቤታቸው እየመጡ ባቄላቸውን ፕሎይ በሚባለው በአገሩ ስስ ቂጣ ሲበሉ አንድም ቀን አልወቀሷቸውም። ይህ ዝምታ ከወቀሳ የባሰ አቃጠላቸው።

ባለፈው ክረምት የቆሽት ካንሰር ሲጠናባቸው አቶ ሉሲየንን አስጠሩ።

"ሉሲየን፣ ያመጣሁህ ለአንተ ብዬ አልነበረም። ለጃኬቱ ነው። ታውቅ ነበር?"

"አውቃለሁ። እኔም ጃኬቱን ፈልጌ ነበር" አሉ አቶ ሉሲየን። ቀጥለውም፣ "ነርሷ ግን አንቺ ነበርሽ" አሉ።

ሲስተር ዤርሜን የአቶ ሉሲየንን እጅ ይዘው አለቀሱ። "ተመስገን፤ አሁን ገና እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አገኘሁ" አሉ። አቶ ሉሲየን ይቅርታቸውን ቢሰጧቸውም እሳቸው ለራሳቸው አልሰጡም። ይልቁንም "ደግ ነበረች እያላችሁ እንዳትሸፋፍኑኝ፤ ይህም በቀብሬ ይነበብ" ብለው ቤተሰቡን አዘዙ። ከብዶንም ቢሆን ታዝዘናል።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2019 በ77 ዓመታቸው አረፉ። አቶ ሬያል ቀድመዋቸው ሄደዋል። ልጆቻቸው ኤሌንና ዢል፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው አቶ አርማን እና እንደ ወንድም የሚያዩአቸው አቶ ሉሲየን ዛሬ በሐዘን ቆመዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ እሳቸው ለራሳቸው የነፈጉትን ምሕረት እርሱ አይንፈጋቸው።