በሱቅ ክር የሰፋሁት ቦት

ውድ ወንድም ጋሼ አያል፣

እንደምን ሰነበትክ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ቁስሉስ ደረቀልህ? ከሆስፒታል ወጥተህ ቤትህ መግባትህን ስሰማ እፎይ አልኩ። እኛ ደህና ነን። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃምሳን አልፏል፤ ላሞቹም ከበረት አልወጡም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ምድጃ ውስጥ ስጨምረው ሰነበትኩ። ባለፈው በስልክ «ያንቺ ቦት ባይኖር እግሬ በሙሉ ይሄድ ነበር፤ ሁለት ጣት ምን አላት» ስትለኝ ስልኩ የተዘጋው መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያንን ቦት በጅማት አልሰፋሁትም። በመከር የከተማ ሰዎች ትእዛዝ በዝቶብኝ ነበር፤ ያ ለፎቶ የሚያደርጉት፣ በዶቃ ያጌጠው። የአጋዘን ጅማት ማድረቁ፣ መሰንጠቁ፣ ማክረሩ ጊዜ ይፈጃል። እማዬ አክስታችን ዘንድ ሄዳ ስለነበር የሚያየኝ አልነበረም፤ ላንተና እንዳንተው ሹፌር ለሆነው ጓደኛህ ለኡይባን ቦት የሱቅ ክር አነሳሁ። ጅማት ውሃ ሲነካው አብጦ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ እንደሚደፍን፣ ክር ግን እንደማይደፍን ከልጅነቴ አውቃለሁ። «ሹፌር ገቢና ውስጥ ነው የሚውለው፣ ምን ውሃ ያገኘዋል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ወንዙ ላይ ከበረዶው በላይ የፈሰሰው ውሃ መኪናውን ሲይዘው፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት ልታስር የወረድከው ቦቱን አምነህ ነው። ውሃው በስፌቱ ገባ፤ ሁለቱን ጣቶችህን ውርጭ በላቸው። እማዬ ግን «ያ ችኩል፣ የሰው ምክር መቼ ሰምቶ ያውቃል» እያለች አንተን ስትወቅስ ከረመች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻይዬን እጠጣለሁ። እንዲህ ያለች እህት ይዘህ ጠላት ምን ያደርግልሃል።

ትናንት አላስችል ብሎኝ ነገርኳት። «ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለባለእግሩ ንገሪው» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግልኝ። ኡይባን ለጉዞ ሳይነሳ ቦቱን አስወልቀው። ምክንያቱን ደብቄ በስልክ «መልስልኝ» ብለው፣ «ሰጥተሽ ልትነሺኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አንተን ይሰማል። እምቢ ካለህ እግርህን አሳየው።

ለሁለታችሁም አዲስ ቦት ይህን ደብዳቤ በያዘው ሹፌር እጅ ልኬያለሁ። ሁሉም በጅማት ነው፤ እማዬ ስፌቱን እየጎተተች ፈትሻዋለች።

ለእትዬ ቱያራ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ብትቀየመኝ አልፈርድባትም። ልጃችሁን ትንሿን ሳይናን ሳምልኝ። ኡይባንንም ሰላም በለው። እማዬ «ስወቅስህ የከረምኩትን ይቅር በለኝ» ብላሃለች።

እኔ ግን ይቅር በለኝ ለማለት ፊት የለኝም። የግራውን ቦት ስቆርጥ በአሁኑ እግርህ ልክ ማሳጠር ነበረብኝ። መቀሱን ይዤ ቆየሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። በድሮው ልክ ቆረጥኩት። ከፊት ባዶ የሚሆነውን ድርቆሽ ሣር ጠቅጥቅበት።

እህትህ ኩንኔይ
ቶምቶር፣ ጥር 28