ሞደሙ ሲጮህ

ወንድም ዓለሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

በፖስታ የምጽፍልህ የቤቱ ኢንተርኔት አስቸግሮኝ ነው። ሞደሙ በስልኩ መስመር ይደውላል፣ ይጮሃል፣ ሊገናኝ ሲል ይቋረጣል። ገመዱን ብቀይርም ያው ነው። ትናንት የጠራሁት የስልክ ጥገና ሠራተኛ፣ "መስመሩ ጤነኛ ነው፤ በዚሁ መስመር ያለውን ሌላኛውን ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ" አለኝ።

መኝታ ቤት ስገባ አባባ የስልኩን እጀታ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የሞደሙን ጩኸቱን ያዳምጣሉ።

"አባባ፣ የኮምፒውተሩ ድምፅ እኮ ነው። ይዝጉት።"

"ዝም በዪ! ወንድምሽ ነው። አውጡኝ እያለ ነው።"

ስቄ አለፍኩ። በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የቅርብ ጊዜ ኢሜይሎችህን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ፊደል መግደፍ ጨርሶ ትተሃል፤ ጎበዝ!

ለዚህ ስትመልስልኝ ግን አደራ፣ በእጅህ ጻፍ፤ በልጅነታችን ታናድደኝ በነበረው ስምም ጥራኝ።

በደህና ያገናኘን።

የምትሳሳልህ እህትህ