ቋጠሮ የሌለው ስፌት

ውድ የሞይና እናት፣

ያኔ የመጣው ወረቀት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ዋሽቼሻለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ይዤው ኖርኩ። አንቺ አፈር ከለበስሽ እንኳ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው። ስሰግድ፣ ግንባሬ መሬት ሲነካ፣ አላህ እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን ሳታውቂ ሄድሽ። ማንበብ አትችዪም ነበር። እኔ ደግሞ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። በዚያን ጊዜ በቤታችን ፊደል ከሞላ ጎደል የእኔ ብቻ ነበር፤ በእሱ ነው የበደልኩሽ።

የእርዳታ ሩዝ ልታከፋፍል የመጣችውን መነጽራም ሴትዮ ታስታውሺያለሽ? አሮጌ ሳሪ ደራርበሽ የሰፋሽውን፣ አጥር ላይ ያሰጣሽውን ካንታ አይታ ቆማ ቀረች። ገልብጣ አየችው። ፊቱና ጀርባው አንድ ሆነባት። "ይሄን ማን ሠራው?" ብትል፣ አንቺ የሳሪሽን ጫፍ ወደ አፍሽ ሳብ አድርገሽ ሳቅሽ እንጂ አልመለስሽም። እኔ ነኝ "እዚሁ ቤት ነው የተሠራው" ያልኩት። ቤት እጅ ያለው ይመስል! ሴትዮዋ ግን ሳቅሽን አይታ ስምሽን ከሩዝ መዝገቧ ላይ ጻፈች።

ከወር በኋላ ወረቀቱ መጣ፤ ከተማ ካለው የስፌት ማሰልጠኛ። በየሳምንቱ ሐሙስ እየሄድሽ ሴቶች እንድታስተምሪ ይለምኑሻል። ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ የመጣብኝ የአንቺ ደስታ አልነበረም፤ የሶመድ ሻይ ቤት አግዳሚ ነው የታየኝ። "የሞታሌብ ሚስት ከተማ ታስተምራለች፣ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ ሩዝ ይቀቅላል" ሲሉኝ ሰማሁ፣ ገና ማንም ሳይለኝ።

"ምን ይላል?" አልሽኝ። ድስት እያጠብሽ ነበር፣ እጅሽ እስከ ክርንሽ አመድ ነክቶታል።

"ወንዙ ሊሞላ ነው ይላል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ዕቃ ወደ ቆጡ ስትሰቅዪ ዝም ብዬ አየሁሽ። የሩዙን እንስራ፣ ዶሮዎቹን ከነቅርጫታቸው፣ የሞይናን ደብተሮች። እኔም አቀበልኩሽ እንጂ። ጎርፉ አልመጣም። "አልሐምዱሊላህ! እንኳን አነበብክልን፤ ቢመጣስ ኖሮ?" አልሽኝ። ሰው ብዙ ሰድቦኛል፤ እንደዚያች ምስጋና ያቃጠለኝ ግን የለም። ወረቀቱን ጠቅልዬ የመረብ መስፊያዎቼን በማኖርበት ቀርከሃ ውስጥ ከተትኩት። በየቀኑ እጄን ከዚያ ቀርከሃ እከታለሁ። በየቀኑ ጣቴ ይነካው ነበር።

አሁን ለምን እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ። ሞይና የበኩር ልጇን ልትወልድ ወደ እኛ መጥታለች። ሰባት ወር ሞልቷታል፤ እንዳንቺው እግሯ አብጧል። በመጣች ማግስት ሳጥንሽን ከፈተች። ሳሪዎችሽ እንዳጣጠፍሻቸው ነበሩ። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚጠቀለልበትን ካንታ የምትሰፋው የእናቱ እናት ናት፤ ሞይና ይህን አስባ ሳሪዎቹ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

"እኔ እንኳ አልችልበትም፣ አባዬ። እማዬ 'አንቺ ትምህርትሽን' እያለች መርፌ አላስነካችኝም። በቃ፣ ከሱቅ ብርድ ልብስ እንግዛ።"

"አንገዛም" አልኳት። "እኔ እሰፋዋለሁ።"

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ጎረቤታችን አክስት ሶኪና ግን አልሳቀችም፤ ተቆጣች።

"አክስቴ፣ ካንታ አስተምሪኝ።"

"ማንን?"

"እኔን።"

"ወንዱን ሰውዬ? ሚስትህ ስትሞት ልብህንም ይዛው ሄደች እንዴ?" ብላ በሩን ልትዘጋብኝ ነበር። እኔም ከደጇ አልተነሣሁም። የጎመኗን ቅጠል ቀንጥሳ እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ "በል እጅህን በሎሚ ታጥበህ ና" አለች። "ያ የዓሣ ሽታህ ጨርቅ ላይ ከወጣ ድመቱ ሁሉ ሕፃኑን ነው የሚከተለው።"

ሦስት ሳሪ መረጠች። የሳሳውን ከመሃል፣ ጠንከር ያሉትን ከላይና ከታች አድርገን ግቢው ላይ ዘረጋነው። አራቱን ማዕዘን በጡብ ያዝነው። ከመሃል ወደ ጠርዝ በመዳፌ እንድዳብሰው አዘዘችኝ፤ አንዲት እጥፋት ከሥር ከቀረች እድሜ ልኳን እዚያው ናት አለችኝ። ከዚያ እንዳይንሸራተት በረጃጅም ስፌት ሸለልነው። ክር ልገዛ ስነሣ ቁንጥጫዋን ቀመስኩ። "ክሩ እዚሁ ነው፣ ዕውሩ!" ከሳሪሽ ጠርዝ ቀዩንና አረንጓዴውን ክር እየመዘዙ ነው ለካ የሚሰፋው። አብረን አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አላየሁትም።

አቤት መከራዬ! እጄ የመረብ እጅ ነው፤ ክር ካገኘ ይጎትታል። ጨርቁ ተሰብስቦ እንደ ደረቀ ዓሣ ተጨማደደ። "አትነቀው!" ትለኛለች። "ትንሽ ላላ አድርግለት፣ ይተንፍስ። ስፌት ሲቀራረብ ነው እንጂ ሲታነቅ አያምርም።" በሁለተኛው ሳምንት ግን መስመሬ ቀና። ነፋስ ሲነካው ጨርቁ ላይ ሽብሽቡ እንደ ወንዝ ውኃ ይሄዳል። ያንቺ ካንታ ላይ እንደማየው። ኩራት ኩራት አለኝ፣ ደስ አለኝ፣ ተሸክሜ ወሰድኩላት።

እሷ ፊቱን አላየችም። ገለበጠችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"ይሄ ጓል ጓል የሚለው! ቋጠሮ! ልጁን ልታለብሰው ነው ልታጠምደው?"

ክር ባለቀ ቁጥር ቋጥሬ ነበር፤ ያልቋጠሩት ክር ዓሣ ያመልጥበታላ። እሷ ጉንጬን በጣቷ ወጋ ወጋ አደረገችው። "የሕፃን ገላ እንዲህ ነው፤ ቋጠሮ ያቆስለዋል። የክርህን ጫፍ በጨርቁና በጨርቁ መሃል አስገባው፣ በመጣህበት ሁለት ሦስት ጊዜ ተመለስ፣ በቃ። ስፌቱ ራሱ ይይዘዋል። ባለቤትህ አንድም ቀን ቋጥራ አታውቅም።"

ቤት ወስጄ በረንዳ ላይ መፍታት ጀመርኩ። አንዱን ፈታሁ፣ ሌላውን ፈታሁ፣ አርባ ያህል ፈታሁ። ከዚያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁና ተነሥቼ ቀርከሃውን ገለበጥኩት።

ሞይና ወጥ ቤት ነበረች። ወረቀቱን ሰጠኋትና ሁሉን ነገርኳት። ቆማ አነበበችው፣ ደገመችው።

"እማዬ ዕቃ ስትሰቅል ትዝ ይለኛል" አለች። "ደብተሬን ቆጥ ላይ ሰቅላው የቤት ሥራ ሳልሠራ ሄጄ አስተማሪው ገረፈኝ። ለሌለ ጎርፍ።"

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"እኔ ምን ቤት ነኝ? የፈራኸው እኔን ነው? ሻይ ቤቱን ፈርተህ ደብቀህ፣ ለእኔ ወጥ ቤት ውስጥ ሹክ ትለኛለህ?" ወረቀቱን መለሰችልኝ። "ልጄን በዚያ ካንታ አልጠቀልለውም፣ አባዬ። ነገሩ እንዲህ ተደብቆ እያለ አልጠቀልለውም።"

ሁለት ቀን ሙሉ ሩዙን ፊቴ ታስቀምጥና ትሄዳለች። እኔም በየሶላቱ አላህን ድፍረት ለመንኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ መውጫ እንዲያሳየኝም ለምኜው ነበር። አላሳየኝም።

ትናንት ከዓስር ሶላት በኋላ ካንታውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወደ ሶመድ ሻይ ቤት ሄድኩ። ጀልባ ቀዛፊው ጆባር ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጀመረ።

"ኧረ ሙሽሪት መጣች! ቦታ ልቀቁላት! ሞታሌብ፣ መቼ ነው የምንድርህ?"

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ሶመድ ራሱ ሻይ እየቀዳ አፈሰሰ።

"ጆባር" አልኩት፣ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጬ በመርፌ መረብ ስሰፋ አንድ ቀን አልሳቅክብኝም። ያንተንም ሰፍቻለሁ። መርፌው ያው መርፌ ነው። ዓሣ ሲይዝ ወንድ፣ ልጅ ሲያቅፍ ሴት የሚሆነው በየት አገር ነው?"

"እሺ፣ እሺ፣ ቀልድ ነው እንጂ…"

"የእኔ ግን ቀልድ አይደለም። ሶመድ፣ ያንን ሬዲዮ ዝጋልኝ።"

ዘጋው። ወረቀቱን አወጣሁ። አንቺን ከሞይና ልደት ጀምሮ "የሞይና እናት" ብዬ ነው የጠራሁሽ፤ ከዚያ በፊትማ "ስሚ" ብቻ ነበርሽ። ሚስትን በስሟ፣ ያውም ወንዶች በተሰበሰቡበት መጥራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ወረቀቱ ግን በስምሽ ነው የሚጀምረው፤ አልዘለልኩትም።

"ለተከበሩ መምህርት ጁሌኻ ኻቱን" ብዬ አነበብኩ፣ ጮክ ብዬ። "የሠሩትን ካንታ አይተናል። እንዲህ ያለ እጅ በወረዳችን አላገኘንም። በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ ሃያ ሴቶች እንዲያስተምሩልን በትሕትና እንለምንዎታለን።"

ጆባር ብርጭቆውን ከአፉ ላይ ረስቶታል።

"ይሄ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው" አልኩ። "እሷ አላየችውም። እኔ ደበቅኩት። የደበቅኩት ደግሞ እናንተን ፈርቼ ነው፤ ይቺን አግዳሚ። አሁን አልፈራችሁም። የምትሉት ካላችሁ ዛሬ በሉ፤ ጁሌኻ መምህርት ነበረች።"

አንዱ ሽማግሌ "ሞታሌብ፣ የሞተችን ሴት ስም…" ሲል "ስሟ ነው" አልኩት። "ስሟ ምን ያደርግሃል?"

ከዚያ እቤቴ አልሮጥኩም። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ በጆባርና በሽማግሌው መሃል ቦታ አስለቅቄ ተቀመጥኩ። ካንታውን ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ከሠርግ ሳሪሽ ጠርዝ የመዘዝኩትን ቀይ ክር መርፌ ውስጥ አስገባሁና፣ አምስት ክፍል በተማርኩት ፊደል ስምሽን ማዕዘኑ ላይ መስፋት ያዝኩ። ጨርቁ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። አንድ እጅ መጥቶ ወዲያኛውን ጫፍ ወጠር አድርጎ ያዘልኝ። ቀና ስል ሞይና ናት፤ በዚያ ሆዷ መንገዱን ሁሉ በእግሯ መጥታለች።

"ፊደሉ ወደ ላይ ወጥቶብሃል፣ አባዬ" አለችኝ። "ዝቅ አድርገው።"

ዝቅ አደረግኩት። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ "መምህርት ጁሌኻ" የሚለውን ጨረስኩ፤ የክሩን ጫፍ በጨርቁና በጨርቁ መሃል አስገባሁ፣ በመጣሁበት ሦስት ጊዜ ተመለስኩ፣ ሳልቋጥር በጥርሴ በጠስኩት።

የሞይና አባት፣
ሞታሌብ