የቮልሷ ማቆሚያ

ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይህን ገጽ ጽፌ ስጨርስ አቃጥለዋለሁ።

ቀበሌው ከቤት ኪራዩ ሌላ፣ ቮልሷን ግቢ ውስጥ ስለማቆም ብሎ የማቆሚያ ክፍያ ጨመረብኝ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ልከራከር በቀጥታ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

«ቤቱን ከነግቢው ነው የተከራየሁት» አልኩት የቤት ኪራይ ኃላፊውን።

«ውሉ ላይ ያለው ቤቱ ብቻ ነው፣ ጓድ» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው መጥታችሁ ለኩት!» ብዬ ጮህኩበት።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። «ጥሩ ብለሃል። ነገ ጠዋት ከአብዮት ጥበቃ ጋር እንመጣለን። ግቢውንም ክፍሎቹንም እንለካለን።»

የባለቤቴ ወንድም ደረጀ ከኮርኒሳችን በላይ ከተደበቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

«ግዴለም፣ እከፍላለሁ» አልኩ።

«አይ፣ አቤቱታህ ተመዝግቧል።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት። ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ለወንድሟ ሰጠችው። በመኪና ላድርስህ ብለው «ኬላ ላይ መኪና ይፈተሻል» ብሎ እምቢ አለኝ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ከየካ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በእግሩ ወጣ። ባሕር ዛፉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በር ላይ ቆመን አየነው። አንዴም አልዞረም።

አልማዝ በሩን ዘግታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤

«ስንት ነበር ጨምር ያሉህ?»

በወር ሦስት ብር መሆኑን መናገር አቃተኝ።