የቀትር እንቅልፌን ላስከበረልኝ ኮሚቴ

ለአሰብ ከተማ የመንገድ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ
ለጓድ ሊቀመንበር

(በሠራተኞች ክበብ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሰፊው ሕዝብ ንባብ የተለጠፈ)

ሐምሌ ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ የሐምሌ ወበቅ እንደ እኛ እንደ ተራው ሰው ሳይጫወትብዎ፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ሳይቆም፣ የሚጠጡትም ውሃ ሳይሞቅብዎ በመልካም ጤንነት እንደ ሰነበቱ አምናለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከሚገባኝ በላይ ደኅና ነኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ እንዳሉ ናቸው። ይህን ማንሳቴ ሰሞኑን በሁለት እግር ከቤት መውጣት ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ቸሩ ይመር እባላለሁ። በወደቡ የጭነት ሰነድ ጸሐፊ ስሆን፣ ቤቴ ከባድ መኪኖች ለመጫን ተራ ከሚጠብቁበት ሜዳ ፊት ለፊት ነው። በአካል ባንተዋወቅም በጽሑፍ ተገናኝተናል፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በከተማው ውስጥ ማንኛውም ተሽከርካሪ ክላክስ እንዳያደርግ ይከልከልልን ብዬ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። እንደሚያውቁት በዚያ ሰዓት አሰብ ትዘጋለች፤ ቢሮውም ሱቁም ተዘግቶ ሰው አንሶላ በውሃ ነክሮ ይጋደማል። የሰፈራችን ሰው የቧንቧ ውሃ ከጠየቀ ዓመታት ቢያልፉም መልስ ያላገኘ ሲሆን፣ የእኔ ማመልከቻ ግን በሳምንቱ መመሪያ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ቅልጥፍናዎ የማቀርበው ምስጋና ከልብ ነው፤ ኮሚቴዎ መሥራት የሚችል መሆኑን ከዚያ በፊት ተጠራጥሬ ነበርና።

መመሪያው ላይ «የሠርቶ አደሩን የዕረፍት ሰዓት የሚሻማ ሥርዓት የለሽ ጩኸት» የሚለው ሐረግ ቃል በቃል የእኔ ነበር። ወረቀቱን ለባልደረቦቼ እያሳየሁ ስንት ቀን እንደኮራሁ እኔና እነርሱ እናውቃለን።

አብዮታችን ሂስና ግለ ሂስን ስላስተማረን ዛሬ ጥፋቴን በየተራ ለመዘርዘር ተነሥቻለሁ። የበላይ አካልን መሄስ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ግለ ሂሱን ብቻ ነው የማቀርበው። በመካከሉ እርስዎን የሚነካ ነገር ቢያገኙ፣ እኔ ስሳሳት አጠገቤ ቆመው ስለተገኙ ብቻ እንደሆነ ይረዱልኝ።

፩ኛ) ሾፌሮቹ ክላክስ የሚያደርጉት ለጨዋታ አልነበረም። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፣ ዳስ የለም፤ ያለው ጥላ የተሳቢ ሆድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ሾፌሩም፣ ጫኝና አውራጁም፣ ሻይ ሻጯም ተሳቢ ሥር ገብተው ይተኛሉ። ተራው የደረሰ ሾፌር ከመንቀሳቀሱ በፊት ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ክላክስ ያደርጋል፤ ከሥር ያለው እየተነጫነጨ ይወጣና የተሳቢውን ጎን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ይህን የሰማ ሾፌር ይነዳል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ኮሚቴ የለም፣ ማኅተምም አላረፈበትም፤ ያን ያህል ዘመን ሰው ሳይጎዳ የሠራው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ይህን አላውቅም ነበር ብል ለእኔም ለእርስዎም ይበጀን ነበር። ነገር ግን አውቅ ነበር። ለማመልከቻዬ የጎረቤት ፊርማ ሳሰባስብ፣ በሜዳው ሻይ የምትሸጠው ዘሪቱ «ጋሼ ቸሩ፣ ክላክሱ ከቀረ እኛን ማን ይቀሰቅሰናል?» ብላ ጠይቃኝ፣ ይህንንም እጽፈዋለሁ ብያት ነበር። አልጻፍኩትም። ጽሑፉ እንዳይላላብኝ ሰግቼ ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ አይሠራም፤ እኔ ገደሉን አይቼዋለሁ፤ ብቻ የሚገባበት ሌላ ሰው መሆኑን አውቄ ሣሬን ጋጥኩ።

፪ኛ) መመሪያው በወጣ ሰሞን ገሠሠ የሚባል የተሳቢ መኪና ሾፌር እንደ ልማዱ ቀትር ላይ ክላክስ አደረገ። ከአልጋዬ ተነሥቼ የሰሌዳ ቁጥሩን ለትራፊክ ፖሊስ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዱ ተይዞበት ሥራ ፈትቶ ከረመ። ከዚያ በኋላ እጁን ወደ ክላክስ ሰድዶ አያውቅም፤ ማስተማር እንዲህ ነው እንጂ።

፫ኛ) ባለፈው ሰኔ መጨረሻ በዚሁ በገሠሠ ተሳቢ ሥር አበጀ የሚባል ጫኝና አውራጅ ተኝቶ ነበር። ሁለቱ ከአንድ መሶብ የሚበሉ ወዳጆች ናቸው። ተራ አስከባሪው ገሠሠን ጠራው። ሲጠራ ወዲያው ያልተንቀሳቀሰ መኪና ወደ ሰልፉ መጨረሻ እንዲመለስ ያዘዘው ሌላው መመሪያዎ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። ገሠሠ ከጋቢናው ወርዶ በቀኝ በኩል ጎንበስ ብሎ አየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎም ተጣራ፤ ወደ ግራ ሊዞር ሲል ፊሽካ ተነፋበት። ገብቶ ነዳ። አበጀ በግራ በኩል ከኋላው ጎማ ሥር ነበር። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

እኔ በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር። ዝም ያለ፣ ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር፤ ያነቃኝ የሰው ጩኸት ነው። ስለ ሰው ጩኸት ደግሞ መመሪያው ምንም እንደማይል በዚያው አልጋዬ ላይ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ይህ በመሆኑ አፍራለሁ።

፬ኛ) ገሠሠ ዛሬ በእስር ላይ ነው። ክሱ «በቂ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሳያሰማ ተሽከርካሪ በማንቀሳቀስ» ይላል። ይህን ያህል ሙሉ የሆነ ሕግ ከዚህ በፊት አላየሁም፤ ሰውዬው ድምፅ ቢያሰማ ይቀጣል፣ ባያሰማ ይታሰራል፣ ቆሞ ቢያስብ ተራውን ያጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው። በዚህ ተረት ውስጥ አህያው እኔ ነኝ ለማለት ዝግጁ ስለሆንኩ፣ እርስዎ ምንም ሳይሰጉ ዳውላውን እንዲፈቱልኝ እለምናለሁ።

፭ኛ) ከአደጋው በኋላ ኮሚቴዎ ዝም አላለም። «በተሽከርካሪ ሥር መተኛት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ በሜዳው መሐል አስተክሏል። ጥላ ሳይሠሩ ጥላ መከልከል ከባድ ሥራ መሆኑ ስለሚገባኝ ድካምዎን አደንቃለሁ። ሰሌዳው ራሱ በቀትር አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያስጠልል ጥላ ስላለው፣ ሠራተኞቹ እየተፈራረቁ እንደሚጠቀሙበትም በደስታ አበሥርዎታለሁ። የተረፉት ተመልሰው ተሳቢ ሥር ገብተዋል፤ ፀሐይቱ መመሪያ አታነብም።

ዛሬ በቀትር በከተማችን የሚሰማው ክላክስ የእርስዎ ነጭ ላንድሮቨር ብቻ ነው፤ ለምሳ ሲገቡ ዘበኛው በር እንዲከፍት። በዚህ የሚያጉረመርሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልተባበራቸውም። ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚያስጠነቅቅ አንድ ሾፌር እንኳ በመትረፉ እጽናናለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። የገሠሠ ጉዳይ ሐሙስ ይታያል። እኔም በዚያ ቀን እገኛለሁ፤ መመሪያው የወጣው በእኔ ማመልከቻ መሆኑን፣ አደጋውንም አስቀድማ ያስጠነቀቀች ሴት እንደነበረችና ቃሏን እንደደበቅኩ እናገራለሁ። በዚያው ወንበር የሚቀመጥ ተከሳሽ ከጎደለ፣ ቤቴ የት እንደሆነ ከማመልከቻዬ ላይ ይገኛል። ክላክሱም ለሾፌሮቹ ይመለስ፤ ሜዳውም ላይ ዳስ ይሠራ። እንቅልፌን በተመለከተ አይጨነቁ፤ ጸጥታው ሰፍኗል፣ እኔ ግን ካለፈው ወር ወዲህ በቀትር ዓይኔን አልከደንኩም።

በሥልጣን ላይ ያቆይዎ ብዬ እንዳልመርቅ ያለ እኔም ምርቃት ይቆያሉ፤ ጤናውንና ልቡናውን ግን አብዝቶ ይስጥዎ። በመመሪያዎ ደራሲነት ከእርስዎ ጋር ስሜ አብሮ በመነሣቱ የሚሰማኝን ክብር መሸከም ያቃተኝ፣

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣

ቸሩ ይመር
የጭነት ሰነድ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት አበጀ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው ብዬ ሆስፒታል ሄጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። እንዲሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እስክጨርስ አዳመጠኝና «ይህ የጻፍከው ገሠሠን ያስፈታዋል?» ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ለእርስዎ መሆኑን ነግሬው ወጥቻለሁ።